ምዕራፍ አምስት፦ ደረጃውን የሚወጣውና ድምፅ የሚሰጠው

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 አንድን ሕንፃ በሁለት ከፍሎ ያያል፤ አንደኛው ክፍል እያንዳንዱ ባለቤት በስሙ ካርታ የሚያወጣለትና ቁልፉን የሚይዘው ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ ውጭ የሚቀረው ሁሉ፣ ማለትም ደረጃው፣ መተላለፊያው፣ ጣሪያው፣ የውኃና የፍሳሽ መስመሩ፣ ግቢውና የመሳሰለው ነው። ይህ ሁለተኛው ክፍል በሕጉ አጠራር የጋራ መጠቀሚያ ይባላል። ቤቱን የገዛ ሰው በጋራ መጠቀሚያው ላይ ያለውን ድርሻ አብሮ ይገዛል፤ ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለጥገና የሚወጣውንም ገንዘብ ከሌሎች ባለቤቶች ጋር ይጋራል። የጋራ መጠቀሚያውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ የማኅበሩ አባላትም፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ባለቤቶች ናቸው።

ባለቤቱ በቤቱ ቢኖር ኖሮ ይህ አደረጃጀት የሚያስነቅፈው ነገር ባልኖረ ነበር። ይሁን እንጂ በ1990ዎቹ አጋማሽ በቦሌ ገርጂ በሙከራ ደረጃ ተጀምሮ በኋላ ወደ ጀሞ፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ የተስፋፋው የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግንባታ ያስገኛቸው ቤቶች ብዙዎቹ የሚኖርባቸው ተከራይ ነው። ቤቱ በዕጣ የደረሰው ሰው የባንክ ብድሩን በኪራዩ ለመክፈል ሲል ቤቱን አከራይቶ ራሱ ከወላጆቹ ዘንድ ወይም ርካሽ በሆነ ሰፈር ይኖራል፤ አንዳንዱም ኑሮው ውጭ አገር ሆኖ ቤቱን በወኪል ያከራያል። እንዲህ ባለ ብሎክ ውስጥ ደረጃውን በቀን ብዙ ጊዜ የሚወጣና የሚወርደው፣ አምፖሉ መቃጠሉን መጀመሪያ የሚያየው፣ የላላውንም የመደገፊያ ብረት በእጁ የሚያውቀው ተከራዩ ነው፤ ስለ አምፖሉና ስለ ብረቱ በሚደረገው ስብሰባ ግን ወንበር የለውም። የጋራ መጠቀሚያ ደኅንነት በየቀኑ በሚኖርበት ሰው እጅ ሆኖ ሳለ የመወሰን ሥልጣኑ እዚያ ከማይኖረው ሰው ዘንድ መቅረቱ፣ ከዚህ በታች ለሚዘረዘሩት አደጋዎች አብዛኞቹ ሥር ነው።

የሕንፃዎቹን አሠራር ማየት የነገሩን ክብደት ያሳያል። ቁጥሮቹ የቁጠባውንና የብድሩን ድርሻ በመቶኛ በሚያመለክቱት በ20/80 እና በ10/90 መርሐ ግብሮች የተሠሩት ብሎኮች በአብዛኛው ከምድር ወለሉ በላይ አራት ፎቅ ያላቸው፣ በተለምዶ ጂ ፕላስ ፎር የሚባሉ ሲሆኑ፣ አሳንሰር የላቸውም፤ ረጃጅሞቹና አሳንሰር የተገጠመላቸው የ40/60 ሕንፃዎች ናቸው። አሳንሰር በሌለበት ብሎክ ሁሉም ነገር በአንድ መንገድ ያልፋል፤ የውኃው ጀሪካን፣ የጤፉ ጆንያ፣ የጋዙ ሲሊንደር፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ በቃሬዛ የሚወርድ ሕመምተኛና ለቀብር የሚወጣ አስከሬን የሚያልፉት በዚያው ደረጃ ነው። በእኩለ ሌሊት ሕመምተኛ ለማውረድ አራት ጎረምሶች ቃሬዛ ይዘው በደረጃው ማረፊያ ላይ፣ ማለትም ደረጃው በሚታጠፍበት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ ለመዞር ሲሞክሩ፣ እዚያ የተቀመጠ አንድ በርሜል ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ያን ጊዜ ይታወቃል።

በርሜሉ ግን ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። በከተማው ብዙ አካባቢዎች ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በፈረቃ የሚመጣ ውኃ ማጠራቀሚያ ይፈልጋል፣ ስቱዲዮ የሚባለው ባለ አንድ ክፍል ቤት ደግሞ ለአልጋና ለምድጃ እንጂ ለበርሜል የተረፈ ቦታ የለውም። የእንጀራው ጭስና እንፋሎት፣ የሚሰጣው በርበሬ፣ የሚታጠበው ምንጣፍ፣ ለበዓል የተገዛው በግ፣ የሕፃኑ ብስክሌት፣ ከበር ላይ የሚወልቀው ጫማ፣ እነዚህ ሁሉ ከቤት ወደ መተላለፊያው የሚወጡት ቤቱ ስለማይችላቸው ነው። የዕቅዱ ባለሙያዎችም ይህን አስቀድመው አስበውበት ነበር፤ በየብሎኮቹ መካከል እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግና ፍየል የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና ለቅሶም ሆነ ሰርግ የሚስተናገድበት የጋራ መገልገያ ሕንፃ፣ በተለምዶ ኮሚዩናል የሚባለው፣ እንዲሠራ ያደረጉት ለዚህ ነበር። በአንዳንድ ሳይቶች ግን ይህ ሕንፃ ለሱቅ፣ ለመጋዘን ወይም ለመዋለ ሕፃናት ተከራይቶ ለማኅበሩ ገቢ ማስገኛ ሆኗል። ገቢውን የወሰነው የባለቤቶች ስብሰባ ሲሆን፣ ቦታውን ያጣው ተከራዩ ነው፤ ስለዚህም የማብሰያው ከሰል በደረጃው ማረፊያ ላይ ተያያዘ። በዚህ ሁኔታ ተከራዩን በሥርዓት የለሽነት መክሰስ ትልቅ በደል ነው።

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው የጭስ ነገር ነው። በሕንፃ ውስጥ እሳት ሲነሣ ሰው የሚፈራው ነበልባሉን ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚሞተው በጭሱ ነው፤ ትኩስ ጭስ ከቀዝቃዛው አየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይነሣል፣ ከታች እስከ ላይ ክፍት የሆነውን ደረጃም እንደ ጭስ ማውጫ ቱቦ ይጠቀምበታል፤ ከታችኛው ፎቅ የተነሣ ጭስ ሩቅ የተባለውን የላይኛውን ፎቅ የሚይዘው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የመያያዝ ኃይሉ ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ጥቂቱ እንኳ ደሙን ኦክስጅን አሳጥቶ ሰውየው መታፈኑን ሳያውቅ ራሱን ይስታል። ይኸው ጋዝ የእሳት አደጋ ሳይነሣም ከሚነድ ከሰል ይወጣል፤ በተዘጋ መተላለፊያ ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል፣ ወይም የተቀጣጠለውን ምድጃ ከብርድ ለመዳን ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት፣ አደገኛ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2022 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል፣ ትዊን ፓርክስ ኖርዝ ዌስት በተሰኘ ባለ 19 ፎቅ የኪራይ ሕንፃ የደረሰው አደጋ ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ከታችኛዎቹ ፎቆች በአንዱ በሚገኝ አፓርታማ መኝታ ክፍል ውስጥ የነበረ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እሳት አስነሣ፤ ነበልባሉ ከዚያ አፓርታማና ከደጃፉ መተላለፊያ ብዙም አላለፈም፤ ሆኖም 17 ሰዎች ሞቱ፣ ከእነርሱም 8ቱ ሕፃናት ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከጋምቢያ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። ሁሉንም የገደላቸው ጭሱ ነው። ነዋሪው ሸሽቶ ሲወጣ በራሱ ይዘጋ ዘንድ በሕግ የታዘዘው የአፓርታማው በር ሳይዘጋ ቀረ፤ ከደረጃው በሮችም አንዱ እንዲሁ ክፍት ሆነ፤ ጭሱም በሁለቱ በሮች በኩል ሕንፃውን ሞላው። ራሱን የሚዘጋ በር ማለት በማጠፊያው ላይ ጠንካራ ሞላ ተገጥሞለት፣ ሰው ከለቀቀው በኋላ ያለ ረዳት ተመልሶ የሚገጥም በር ነው። በአከራይና በተከራይ መካከል ከሚነሡት የጥገና ጥያቄዎች ሁሉ የበር ሞላ ነገር እንደ ትንሽ ይቆጠር ይሆናል፤ በብሮንክስ ግን የ17 ሰዎች ሕይወት በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

የአዲስ አበባ ብሎኮች በዚህ ረገድ አንድ ትልቅ ጸጋ አላቸው፤ በብዙዎቹ ሳይቶች ደረጃውና ወደ ቤቶቹ የሚያስገባው መተላለፊያ ከአንድ ወገን ለውጭ አየር ክፍት ነው። ይህ አሠራር ወጪ ለመቀነስና ብርሃን ለማስገባት የተመረጠ ቢሆንም፣ ያለ ማሽን የሚሠራ ጥሩ የጭስ ማስወጫ ሆኖ ያገለግላል፤ ጭሱ በደረጃው ላይ ከመጠራቀሙ በፊት ወደ ውጭ ይበተናልና። ጸጋው የሚጠፋው መተላለፊያው ሲዘጋ ነው። ዝናብ እንዳይገባ በሚል በቆርቆሮ ወይም በመስታወት ይከለላል፤ ሌባ እንዳይገባ በሚል በፍርግርግ ይታጠራል፤ ከቤቱ አጠገብ ያለው ጫፍ በላሜራ ተዘግቶ ማድ ቤት ወይም ዕቃ ቤት ይሆናል፤ የተጨመረውም ክፍል ቤቱን ስለሚያሰፋው ኪራዩ ይጨምራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነባር ሕንፃ ላይ ለሚደረግ ለውጥ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ደንግጓል፤ የተባለው ማድ ቤት ግን በአንድ ቅዳሜና እሑድ ተበይዶ ያልቃል። ብረቱን ያስበየደው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከአየር ተለይቶ በጨለማ መተላለፊያ የሚኖሩት ግን ተከራዮችና ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

የብረት በር ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። ሌብነት እውነተኛ ሥጋት በመሆኑ በደረጃው መግቢያ ላይ በር ማስገጠምና ማታ ማታ መቆለፍ ብዙ ነዋሪዎች የሚስማሙበት ነገር ሆኗል። ይሁን እንጂ የተቆለፈ በር በእሳት ጊዜ ወጥመድ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 2023 በጆሃንስበርግ ማርሻልታውን ሰፈር ኡሲንዲሶ በተባለው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ በተነሣ እሳት ከ70 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ሕንፃው የከተማው አስተዳደር ንብረት ሆኖ ሳለ ለዓመታት ተጥሎ የኖረ፣ ባለቤት ያልሆኑ ሰዎችም በእንጨትና በጨርቅ ከፋፍለው የሚያከራዩት ሲሆን፣ ከእሳቱ ለማምለጥ የሞከሩ ብዙ ሰዎች ተቆልፎ ያገኙት በር ሞትን አብዝቶታል። ዓመት ሳይሞላ እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2024 በኩዌት መንጋፍ የውጭ አገር ሠራተኞች በሚያድሩበት የኪራይ ሕንፃ እሳት ከምድር ወለሉ ተነሥቶ ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች ሲሞቱ፣ ወደ ጣሪያው የሚያስወጣው በር ተቆልፎ እንደነበር ተነግሯል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በተመሳሳይ መኖሪያዎች የሚያድሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ በመሆናቸው ይህ አደጋ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ ዜና አይደለም። ሁለቱም አደጋዎች አንድ ጥያቄ ያስነሣሉ፤ በሩ ከውስጥ በኩል ያለ ቁልፍ ይከፈታልን? ከውጭ የሚቆለፍና ከውስጥ በእጅ ብቻ የሚከፈት መቀርቀሪያ ሌባንም ይከለክላል፣ ሰውንም ያስወጣል፤ በሰንሰለትና በጓጉንቸር የሚዘጋ በር ግን ቁልፉ በአንድ ዘበኛ ኪስ ውስጥ እስካለ ድረስ የብሎኩን ሕይወት ለአንድ ሰው እንቅልፍ አሳልፎ የሰጠ ነው።

ሌሎቹን አደጋዎች በአጭሩ መጥቀስ ይበቃል። የተቃጠለ አምፖል፣ ከሲሚንቶው የተነቀለ የደረጃ መደገፊያ፣ ምንጣፍ ታጥቦበት ያልደረቀ ደረጃ፣ በግቢው ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ በምድር ወለሉ ካሉት ሱቆች ወደ ቆጣሪው ሣጥን የተዘረጋ የተላጠ ሽቦ፣ እያንዳንዳቸው ዋጋቸው ትንሽ የሆነ ጥገና የሚፈልጉ ናቸው። የሚጓተቱት ገንዘብ ስለጠፋ ከመሆኑ ይልቅ የሚያየው ሰውና የሚያዝዘው ሰው ስለማይገናኙ ነው።

ይህ አለመገናኘት በኢትዮጵያ የጉርብትና ልማድ ውስጥ አዲስ ነገር መሆኑን ማስተዋል ይገባል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ከዞረ በኋላ በቀበሌ ቤት የኖረው ሕዝብ ተከራይ ነበር፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉት አባወራዎች መጸዳጃውን በተራ ያጸዱ ነበር፣ የግቢውን በር ማን ማታ እንደሚዘጋው ይታወቅ ነበር፣ ተራውን ያላደረሰውም በጎረቤት ፊት ይወቀስ ነበር። እድርም ቢሆን ሰውን በአባልነት ሲቀበል ካርታ አምጣ አይልም፤ በሰፈሩ መኖሩና መዋጮውን መክፈሉ ይበቃዋል። አንድ ተከራይ በሚኖርበት ብሎክ እድር ውስጥ ዳኛ ወይም ገንዘብ ያዥ ሊሆን ሲችል፣ በዚያው ብሎክ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ውስጥ ስለ አንድ አምፖል ድምፅ መስጠት አለመቻሉ፣ እድሩ ሰውን በኑሮው፣ ማኅበሩ ደግሞ በንብረቱ ስለሚቆጥር ነው። ለደረጃ ጥበቃ የሚስማማው የእድሩ አቆጣጠር ነው።

የኢትዮጵያ ሕግም ቢሆን ነዋሪውን ፈጽሞ አልዘነጋውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት የሕንፃውን ባለቤት ኃላፊ ሲያደርግ፣ ከሕንፃ ላይ በሚወድቅ ዕቃ ለሚደርስ ጉዳት ግን በቤቱ የሚኖረውን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል፤ በረንዳ ላይ የተቀመጠ የአበባ ማሰሮ ወድቆ መንገደኛ ቢያቆስል ካሣ የሚጠየቀው ባለ ካርታው ሳይሆን የሚኖርበት ተከራይ ነው ማለት ነው። የዚህ ድንጋጌ ምክንያት ቀላል ነው፤ ዕቃውን ማንሣትም ማስቀመጥም የሚችለው እዚያ ያለው ሰው ነውና። በኃላፊነት ጊዜ የሚታየው ነዋሪ በውሳኔ ጊዜ የማይታይ መሆኑ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

ለማረም የሚረዳ በር በ2016 ዓ.ም. ተከፍቷል። በዚያ ዓመት የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዋጁ በዋናነት የታሰበው ለኪራዩ ዋጋና ለተከራዩ መረጋጋት ቢሆንም፣ ለደረጃውም ፍሬ አለው፤ በሦስት ወር ውስጥ ልቀቅ ሊባል የሚችል ሰው ለመተላለፊያው አምፖል ለመግዛት ሁለት ጊዜ ያስባል፣ ሁለት ዓመት እንደሚኖር የሚያውቅ ግን ልጁ በምትወጣበት ደረጃ ላይ መብራት እንዲኖር ይሟገታል። በቃል ብቻ ይፈጸም የነበረው ውል በጽሑፍ መሆኑም የጋራ መጠቀሚያውን ነገር የሚያሰፍሩበት ወረቀት አስገኝቷል። በውሉ ላይ ስለ ቀለምና ስለ ቧንቧ ከሚጻፈው አጠገብ፣ በመተላለፊያው ላይ ምን ማስቀመጥ እንደሚቻል፣ ለጽዳትና ለጥበቃ የሚከፈለውን ማን እንደሚከፍል፣ የተበላሸ ነገር ሲታይ ለማን እንደሚነገርና የተነገረውም ሰው በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደሚሰጥ ቢጻፍ፣ ኋላ የሚነሣው ጭቅጭቅ አብዛኛው አይነሣም።

ምን ማስቀመጥ ይቻላል የሚለው ጥያቄ በሌላውም ዓለም አከራካሪ ነው። በእንግሊዝ አገር የአካባቢ መስተዳድሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ለአፓርታማ ሕንፃዎች ያወጣው የእሳት ደኅንነት መመሪያ ሁለት መንገዶችን ያውቃል፤ አንደኛው በመተላለፊያና በደረጃ ላይ ምንም ነገር እንዳይቀመጥ የሚከለክል ፍጹም ክልከላ ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ በር ምንጣፍና እንደ አበባ ማሰሮ ያሉ በቀላሉ የማይቀጣጠሉና መንገድ የማይዘጉ ጥቂት ዕቃዎችን በቁጥጥር የሚፈቅድ ነው። የመጀመሪያው ለመቆጣጠር ይቀላል፤ አይቶ የሚያመዛዝን ሰው አያስፈልገውም። ለአዲስ አበባ ብሎክ ግን ሁለተኛው ይሻላል፤ ውኃ በፈረቃ እስከመጣ ድረስ በርሜልን ፈጽሞ መከልከል የማይጠበቅ ሕግ ማውጣት ነው፣ የማይጠበቅ ሕግ ደግሞ የሚጠበቀውንም ያስንቃል። ይልቁንስ ነዋሪዎቹ በደረጃውና በማረፊያው ላይ ምንም እንዳይቀመጥ ተስማምተው፣ በሰፊው መተላለፊያ ላይ ግን በአንድ ወገን ብቻ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያልፍበትን ስፋት ሳይነካ፣ የማይቃጠል ዕቃ እንዲቀመጥ ቢፈቅዱ ደንቡ የሚጸና ይሆናል። ከሰል፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ፍራሽ፣ ካርቶንና ባትሪው የሚሞላ ብስክሌት ግን በየትኛውም ምክንያት ከዚያ ሊቀመጡ አይገባም፤ የሊቲየም ባትሪ በኒው ዮርክ ከተማ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ 18 ሰዎችን የገደለ እሳት አስነሥቷልና፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ብስክሌቶችና ሞተሮች በአዲስ አበባም እየበዙ ሲሄዱ ነገሩን ከወዲሁ ማሰብ ይበጃል። በየደረጃው መግቢያ ላይም የከተማው እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የሚጠራበት 939 የስልክ ቁጥር በትልቁ መጻፍ አለበት፤ አዲስ የገባ ተከራይ ቁጥሩን ላያውቀው ይችላል።

ይህን ሁሉ ማን ይወስናል የሚለው ግን ወደ ማኅበሩ ይመልሳል። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ መለወጥ የሚችሉት ባለቤቶች ናቸው፤ በብዙ ብሎኮች ደግሞ ስብሰባ የሚበተነው ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ውሳኔ ለማሳለፍ የሚያስፈልገው የአባላት ቁጥር፣ ስለማይሟላ ነው፤ ባለቤቶቹ በሌላ ሰፈር ወይም በሌላ አገር ናቸውና። ደንቡ እስኪሻሻል ሳይጠበቅ በእጅ ያለው መንገድ ውክልና ነው። ባለቤቱ ቤቱን የመሸጥ፣ የማስያዝም ሆነ ዋጋ የመወሰን ሥልጣኑን በእጁ አስቀርቶ፣ ስለ ደረጃ፣ ስለ መተላለፊያ፣ ስለ ግቢ በርና ስለ ኮሚዩናሉ አጠቃቀም በሚደረጉ ስብሰባዎች ብቻ በእርሱ ስም ተገኝቶ ድምፅ እንዲሰጥ ተከራዩን በጽሑፍ ሊወክለው ይችላል፤ የማኅበሩ ደንብ በውክልና መገኘትን እስካልከለከለ ድረስ ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ባለቤቱ የጎደለውን ምልዓተ ጉባኤ ያሟላል፣ ማኅበሩ በየቀኑ የሚያይ ዓይን ያገኛል፣ ተከራዩም ለጥበቃና ለጽዳት በየወሩ የሚከፍለው ብር ምን ላይ እንደሚውል ይጠይቃል። ውክልናው ከኪራይ ውሉ ጋር በአንድ ቀን ተፈርሞ፣ ውሉ በሚያበቃበት ዕለት እንዲያበቃ ሆኖ ቢዘጋጅ፣ ቤቱን ቀጥሎ የሚከራየው ሰው ቁልፉን ሲረከብ የስብሰባውን ወንበርም አብሮ ይረከባል።